የሞት ቅጣት ይኑር ወይስ ይቅር?

ባለፈው ወር ለክርክር ክበባችን የተሰጠው ርዕስ “የሞት ቅጣት በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች መወገድ አለበት” የሚል ነበር። እንደተለመደው ወረቀት ቆራርጠን፣ ጠቅልለን፣ ኮፍያ ውስጥ ጨምረን ተማሪዎቹ አንድ አንድ አወጡ። ግማሾቹ “ይወገድ” ደረሳቸው፤ ግማሾቹ “ይኑር”። አንዲት የፎርም ሦስት ተማሪ የደረሳትን ገልጣ አየችና ሌሎቹ እስኪወጡ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከዚያ መጥታ፣ “ቲቸር፣ ይሄን ወረቀት ቀይሩልኝ። ‘ይወገድ’ ብዬ ሰው ፊት መቆም አልችልም” አለችን።

ለምን እንደሆነ ጠየቅናት። አባቷ አገር ቤት ሳሉ በሰው እጅ ነው የሞቱት። ገዳዩን አገር ሁሉ ያውቀዋል። አልተከሰሰም፣ አልታሰረም። እናቷ ገበያ ላይ ባየችው ቁጥር ፊቷን አዙራ ታልፍ እንደነበር ነገረችን።

የክርክር ክበብ ደንብ ግልጽ ነው፤ ተከራካሪ የሚሟገተው የደረሰውን ወገን እንጂ የሚያምንበትን አይደለም። ይህንኑ ልንነግራት ጀምረን መሃል ላይ ተውነው። ከዚያ ወዲህ ክበቡን የምንመራው ሁለት መምህራን ስለ ጉዳዩ ስናነብና ስንነጋገር ሰነበትን። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ነገሩን አስቀድሞ በገዛ ቋንቋ ማሰብ ይቀላል በሚል ያገኘነውን እዚህ አቀረብን። ከሁለታችን አንዳችን ሕግ ተምረን ነበር፣ ግን በሁለተኛ ዓመት አቋርጠን ነው የወጣነው፤ ስለዚህ እንደ ጠበቃ አትዩን። ከታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት “ዓ.ም.” ካላልን በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከምንኖርበት አገር እንጀምር። ብዙ ተማሪዎቻችን ኬንያ ውስጥ የሞት ቅጣት የለም ብለው ያስባሉ። አለ። ስደተኛም ሆነ ዜጋ እዚህ የሚዳኘው በኬንያ ሕግ ነው፤ ይህን ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። የኬንያ የወንጀል ሕግ ሞት ከሚያስቀጣባቸው ወንጀሎች መካከል ግድያ፣ አገር መክዳትና በኃይል የተፈጸመ ዘረፋ ይገኛሉ። ሦስተኛውን ልብ በሉ። ዘራፊው አደገኛ መሣሪያ ከያዘ፣ ወይም ሰው ካቆሰለ፣ ወይም ደግሞ ከሌላ አንድ ሰው ጋር ሆኖ ከዘረፈ ይህ አንቀጽ ይመለከተዋል። እንግዲህ አንድ ወጣት ከጓደኛው ጋር ሆኖ ማታ መንገደኛ አስፈራርቶ ስልክ ቢቀማ፣ ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይቆስል፣ ሁለት ስለነበሩ ብቻ ጉዳዩ እዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስንናገር ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሁሉ ጸጥ አሉ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ቅጣቱ አስገዳጅ መሆኑ ነው። ዳኛው ተከሳሹን ጥፋተኛ ካለ በኋላ፣ “ልጅ ነው፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው፣ ተጸጽቷል” የሚባል ነገር መስማት አይችልም ነበር፤ አንድ ቅጣት ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሙሩአቴቱ ጉዳይ በሚባለው ውሳኔው ይህን አስገዳጅነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። የሞት ቅጣትን ራሱን ግን አልሻረም፤ ያለው “ዳኛው ይመዝን” ነው። ከዚያ በ2021 ባወጣው ማብራሪያ ውሳኔው የሚሠራው ለግድያ ክስ እንጂ ለዘረፋ አይደለም አለ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም እንደኛ ሁለቴ አንብበህ ግራ ሳትጋባ አትቀርም፤ ሰው የገደለው ማቅለያ ይሰማለታል፣ የቀማው ግን በዚያ ውሳኔ አይጠቀምም።

ታዲያ ኬንያ ሰው ትሰቅላለች ወይ? ለመጨረሻ ጊዜ የሰቀለችው በ1987 ሲሆን፣ የተሰቀሉት በ1982 በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የተፈረደባቸው የአየር ኃይል ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች ሞት ሲፈርዱ ኖረዋል፤ ፍርዱ ግን አይፈጸምም። እስረኛው ይጠብቃል። ፕሬዚዳንት ኪባኪ በ2009 ከ4,000 በላይ የሞት ፍርደኞችን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ቀየሩ። ኡሁሩ ኬንያታ በ2016 የ2,747 ሰዎችን ቀየሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ እንደገና ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር ማለት ነው። በ2023ም ፕሬዚዳንት ሩቶ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥተዋል። አንዱ የክበባችን ልጅ፣ “የማይፈጽሙትን ለምን ይፈርዱታል?” ብሎ ጠይቆናል። ጥያቄው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። “ይወገድ” የሚለው፣ የማትጠቀምበትን መጥረቢያ አንጋድደህ ለምን ታኖራለህ ይላል። “ይኑር” የሚለው ደግሞ፣ መጥረቢያው ግድግዳው ላይ መታየቱ ራሱ ሥራ ይሠራል ይላል።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 ሰው በሕይወት የመኖር መብት አለው ካለ በኋላ፣ በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል በቅጣት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን አያጣም ይላል። በሩን ዘግቶ መስኮቱን ክፍት ተወው ማለት ይቻላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 ያንን መስኮት ያጠብበዋል። ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለየ አደገኛ መሆን አለበት፤ ድርጊቱ ሙከራ ሳይሆን የተፈጸመ መሆን አለበት፤ የሚያቃልል ምክንያት መኖር የለበትም፤ ጥፋተኛው ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ፍርዱም ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቁት አይፈጸምም፤ በአደባባይ በስቅላት መፈጸምም ክልክል ነው። ነፍሰ ጡርና በጠና የታመመ ሰው ላይ አይፈጸምም። የኬንያን አሮጌ ሕግ ካነበቡ በኋላ ይህን ሲያነቡ፣ በወረቀት ደረጃ የእኛው የተሻለ ነው ያሰኛል።

በወረቀት ደረጃ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ በፍርድ ተፈጸሙ ተብለው በይፋ የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንዱ በ1998 ጄኔራል ኃየሎም አርአያን በገደለው ሰው ላይ፣ ሌላው በ2007 የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረ መድኅንን በገደለው የጦር መኮንን ላይ የተፈጸመ ነው። ሁለቱም ሟቾች ባለሥልጣኖች ነበሩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስንት ገበሬ፣ ስንት ነጋዴ፣ ስንት ሴት እንደተገደለ አንባቢ ያውቃል። የእነሱ ገዳዮች ይሰቀሉ ማለታችን አይደለም። ግን “ቅጣቱ የሟችን ደም ክቡርነት ያሳያል” የሚል ተከራካሪ ሲነሳ፣ የማንን ደም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። “ይኑር” ከሚሉት ወገኖች በጣም ጠንካራው ነጥብ የትኛው ነው ቢባል እኛ “ያስፈራራል” የሚለውን አንመርጥም። እሱን ቶሎ እንለፈው። በአሜሪካ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት በ2012 የብዙ ዓመታት ጥናቶችን መርምሮ፣ ጥናቶቹ የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንሳል፣ ይጨምራል ወይም ለውጥ አያመጣም ለማለት የሚያስችሉ አይደሉም ሲል ደምድሟል። ካናዳ በ1976 ቅጣቱን አስወገደች፤ ከዚያ በኋላ የግድያው ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት አንጻር አልጨመረም፣ እንዲያውም በጊዜ ሂደት ቀነሰ። “ይኑር” የሚል ተማሪ በዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ቢቆም ይሸነፋል፤ እንመክረዋለን፣ ይተወው።

ጠንካራው ነጥብ ደም ነው። በድሮው ሥርዓታችን ነፍስ ያጠፋ ሰው ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። እነሱም ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ካሣ ተቀብለው ይምሩታል። ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ ደም አድራቂዎች በመሃል ይገባሉ። ኦሮሞው ጉማ ይለዋል፤ ሶማሌው ማግ፤ እስላሙ ዲያ። በቁርኣንም ቢሆን የሟች ወገን ብድር የመጠየቅ መብት ሲኖረው፣ ይቅር ማለትና ካሣ መቀበልም ተፈቅዶለታል። ከዚያ በኋላ ዘመናዊው መንግሥት መጣና ለቤተሰቡ እንዲህ አለው፦ “ጠመንጃህን አስቀምጥ፤ ደምህን እኔ እጠይቅልሃለሁ።” ቤተሰቡም አስቀመጠ። ይሄ ውል ነው። “ይኑር” የሚሉት፣ መንግሥት ይህን ውል ካፈረሰ፣ ገዳዩም ከጥቂት ዓመት እስራት በኋላ ሟች ደጃፍ ላይ መጥቶ ከተንጎራደደ ጠመንጃው ከማገር ላይ ይወርዳል ይላሉ። ወንድም ወንድሙን ለመበቀል ይነሳል፤ ከዚያ የእነዚያ ልጆች፣ ከዚያ የእነዚህ። ከእኛ መካከል ከእንዲህ ያለ ነገር ሸሽቶ እዚህ የደረሰ ሰው አለ፤ ስለዚህ ነጥቡን እንደ ኋላቀር ነገር አናጣጥለው።

ሁለተኛ ጠንካራ ነጥባቸው የእስር ቤት በር ነው። አውሮፓ ውስጥ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው በሩ እንደተዘጋበት ይቆያል ብለህ ልትተማመን ትችላለህ። በእኛ አካባቢስ? በጥር 2025 የኮንጎዋ ጎማ ከተማ በአማጽያን ስትያዝ ከሙንዜንዜ እስር ቤት በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች አመለጡ። ኮንጎላውያን ተማሪዎቻችን ይህን በስልክ ከዘመዶቻቸው ሰምተውታል። የተፈረደበት ሰው ጦርነት በመጣ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ፣ የመሰከረበት ሰው የት ይገባል? ይህን ጥያቄ “ይወገድ” የሚለው ወገን በቀላሉ ሊመልሰው አይችልም፤ እኛም ተነጋግረንበት አጥጋቢ መልስ አላገኘንም። ኮንጎ ራሷ ለሃያ ዓመት ያህል ሳትፈጽም ቆይታ በመጋቢት 2024 ቅጣቱን እንደገና ለመፈጸም ወስናለች፤ ምክንያቷም በምሥራቅ ያለው ጦርነትና ክህደት ነው።

አሁን ሌላኛውን ወገን እንስማ። የእነሱ የመጀመሪያ ቃል ስሕተት ነው። ጃፓን ውስጥ ኢዋኦ ሃካማዳ የሚባል የቀድሞ ቦክሰኛ አለ። በ1966 አለቃውንና የአለቃውን ቤተሰብ ገድሏል ተብሎ ተያዘ። ለሳምንታት ከተመረመረ በኋላ ቃሉን ሰጠ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ተገድጄ ነው ብሎ ካደ። በ1968 ሞት ተፈረደበት። በየቀኑ ጠዋት “ዛሬ ይሆን?” እያለ እስከ 2014 ከቆየ በኋላ እንደገና እንዲታይለት ታዞ ተለቀቀ። በ2024 ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ተቀነባብሮ እንደነበር ገልጾ ነጻ አወጣው። ያኔ 88 ዓመቱ ነበር፤ አእምሮውም ተጎድቷል። ጃፓን ሀብታም አገር ናት፣ የተማሩ ዳኞች፣ ላቦራቶሪ፣ ሁሉ አላት። እኛ ደግሞ ምርመራ ሲባል ምን እንደሆነ ከምናውቅ ሰዎች ነን። እግሩ ውስጡን ተገርፎ የሌላ ሰው ወንጀል የፈረመ ሰው እዚሁ ብሎክ ውስጥ ይገኛል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ቢያንስ በሩ ይከፈትለታል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የድህነት ነገር ነው፤ ብዙ ማብራራት አያስፈልገውም። ጥሩ ጠበቃ የያዘ ሰውና ፍርድ ቤቱ የሚናገርበትን ቋንቋ እንኳ የማይሰማ ሰው እኩል አይከራከሩም።

ሦስተኛው ግን ለእኛ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሰይፉን የያዘው ማነው የሚለው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የሚገኙባቸውን ስልሳ ያህል ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ረሸነ። ክስ የለ፣ ምስክር የለ፣ ይግባኝ የለ፤ በማግሥቱ በሬዲዮ ተነገረ። ያንን ሌሊት ተከትሎ ምን እንደመጣ የአባቶቻችን ትውልድ ያውቃል። “ያማ የሞት ቅጣት አይደለም፣ ግድያ ነው” የሚል ተማሪ ተነስቶ ነበር፤ ልክ ነው። ግን ደርግም “አብዮታዊ ፍርድ” ነው ያለው። መንግሥት ሰው መግደል ይችላል የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ፣ የሚቀረው ክርክር ስለ ወረቀቱና ስለ ማኅተሙ ብቻ ነው የሚሉ አሉ።

ቆይቶ የደርግ ሰዎች ራሳቸው ተከሰሱ። ክሱ በ1994 ተጀምሮ በታኅሣሥ 2006 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ፤ በጥር 2007 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ኮሎኔል መንግሥቱ ዚምባብዌ ስለነበሩ በሌሉበት ነው የተፈረደባቸው። ከዚያ የሃይማኖት አባቶች ገቡበት፤ ይቅርታ እንዲደረግ ሽምግልና ያዙ፤ ይቅርታውን ያልተቀበሉ የሟች ቤተሰቦችም ነበሩ። በሰኔ 2011 የ23ቱ ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ፣ በዚያው ዓመት አብዛኞቹ ወጡ። ይህን ታሪክ ሁለቱም ወገን ይጠቅሰዋል። አንዱ፣ “ያን ሁሉ ሰው ፈጅተው ሃያ ዓመት ታስረው ወጡ፣ ይሄ ፍርድ ነው?” ይላል። ሌላው፣ “እነሱ ያላሳዩትን ምሕረት በማየታቸው አገሪቱ ከእነሱ ተሻለች” ይላል። እኛ ሁለታችን እዚህ ላይ አልተስማማንም።

በዚያው ጉዳይ ውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ ታሪክ አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። መንግሥቱ ሲሸሹ በ1991 ሁለት የደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣኖች፣ ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ፣ አዲስ አበባ የጣልያን ኤምባሲ ገቡ። ጣልያን የሞት ቅጣት ሊያገኛቸው ወደሚችልበት ሰው አሳልፋ አትሰጥም። ስለዚህ እስከ 2020 መጨረሻ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ወደ ሠላሳ ዓመት! የተለቀቁትም ቅጣታቸው ተቀይሮ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። አያችሁ፣ የሞት ቅጣት መኖሩ እነዚህን ሰዎች ከፍርድ አዳናቸው እንጂ ወደ ፍርድ አላቀረባቸውም።

ይህንኑ ነገር ከማንም በላይ ያየችው ሩዋንዳ ናት፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ካምፓችን ውስጥ ሩዋንዳውያንም አሉ፣ ሲናገሩ ሰምተናል። ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት አሩሻ ላይ ፍርድ ቤት ሲያቋቁም፣ ሩዋንዳ የምክር ቤቱ አባል ሆና ሳለ በተቃውሞ ድምፅ ሰጠች። አንዱ ምክንያቷ አሩሻ የሞት ቅጣት መፍረድ እንዳይችል መደረጉ ነው። እንዲህ የሚል ክርክር ነበራት፦ ያቀዱትና ያዘዙት ትልልቆቹ አሩሻ ሄደው ዕድሜ ልክ ይፈረድባቸዋል፤ ቆንጨራ ይዘው የታዘዙት ትንንሾቹ ግን ሩዋንዳ ውስጥ ይገደላሉ። ይሄ እውነትም ትልቅ ኢፍትሐዊነት ነው። በሚያዝያ 1998 ሩዋንዳ 22 ሰዎችን በኪጋሊና በሌሎች ቦታዎች በሕዝብ ፊት በጥይት ረሸነች፤ ሕዝቡ በብዛት ወጥቶ ተመለከተ። በሌላ በኩል ከጭፍጨፋው ዋና አቀናባሪዎች እንደ አንዱ ሲቆጠር የነበረው ኮሎኔል ቴዎኔስት ባጎሶራ አሩሻ ላይ በ2008 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በ2011 በይግባኝ ወደ 35 ዓመት ወረደለት፣ በ2021 ማሊ ውስጥ በእስር ላይ እያለ በሕመም ሞተ።

ከዚያ ምን ሆነ? በ2007 ሩዋንዳ የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሙሉ በሙሉ አወጣች። የተረፉት ሰዎች ልባቸው ራርቶ ነው ብለን አናስመስል። በየአገሩ የተሸሸጉ ተጠርጣሪዎች ነበሩ፤ አውሮፓውያኑም ሆኑ አሩሻ የሞት ቅጣት ወዳለበት አንሰጥም ይሉ ነበር። ገዳዮቹን በገዛ አገሯ ለመዳኘት ከፈለገች ገመዱን መተው ነበረባት፤ ተወችው። በ2012 አሩሻ የመጀመሪያውን ተከሳሽ ለኪጋሊ ፍርድ ቤት አሳልፎ ሰጠ። በዚህ ክርክር ላይ ካነበብነው ሁሉ ይሄኛው ነው በጣም ያሳሰበን፤ ምክንያቱም ያን ያህል የተጎዳ ሕዝብ መንግሥት፣ ደምን ለመጠየቅ ሲል የሞት ቅጣትን ተወ።

ስለ ኡጋንዳም በአጭሩ፤ ይሄ በተለይ ለተማሪዎች ነው። ሱዛን ኪጉላ የምትባል ሴት በ2002 የልጇን አባት ገድለሻል ተብላ ካምፓላ ውስጥ ሞት ተፈረደባት። እሷና 417 ሌሎች የሞት ፍርደኞች ተባብረው መንግሥትን ከሰሱ። በጥር 2009 የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስገዳጅ የሞት ቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ የመጨረሻው ይግባኝ ካለቀ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ የጠበቀ ሰውም ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ይቀየር አለ። ስቅላትን ራሱን ግን አልከለከለም። ኪጉላ እስር ቤት ሆና ትምህርቷን ቀጠለች፣ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ሕግ ተማረች፣ ለሌሎች እስረኞች አቤቱታ ትጽፍ ጀመር። ቅጣቷ ወደ 20 ዓመት ወርዶ በ2016 ወጣች። “የርቀት ትምህርት እዚህ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ሆኖ አይቻልም” የምትሉ ልጆች ስሟን ያዙልን።

አንድ ሌላ አገርም እንጥቀስ፤ ዚምባብዌ በ2024 መጨረሻ ቅጣቱን አስወግዳለች፣ ምንም እንኳ በአስቸኳይ ጊዜ ልትመልሰው የምትችልበት ቀዳዳ ብትተውም። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ምናንጋግዋ በወጣትነታቸው፣ በነጮች አገዛዝ ዘመን፣ ራሳቸው ከሞት ቅጣት ያመለጡት ዕድሜያቸው ልጅ ነው ተብሎ ነበር። ሞት ቀርቶላቸው የኖሩ ሰው የሚፈርሙት ፊርማ ሳይለይ አይቀርም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተጠለሉትም እዚያው አገር መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው፤ እሱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

ለመምህራን አንድ ነገር። ይህን ርዕስ ክፍል ውስጥ ስታነሱ፣ ሃይማኖት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ክርስቲያኑ ከኦሪት “ነፍስ በነፍስ”ን ያመጣል፤ ጓደኛው ከወንጌል በድንጋይ ልትወገር የነበረችውን ሴት ያመጣል። ሙስሊሙ ቂሳስን ያነሳል፤ ጎረቤቱ እዚያው ስለ ምሕረት የተባለውን ያነሳል። አትከልክሏቸው። ግን እያንዳንዱ የራሱን መጽሐፍ እንጂ የሌላውን እንዳይተረጉም አድርጉ። እኛ ይህን ደንብ ሳናወጣ አንድ ቅዳሜ አባክነናል።

ሌላው ደግሞ፣ ክፍላችሁ ውስጥ ሟች ያለበትም፣ ምናልባትም የገዳይ ዘመድ የሆነም ተማሪ አለ ብላችሁ ጀምሩ። እኛ ያንን ሳናስብ ነበር ኮፍያውን ያዞርነው።

ያቺን ልጅ በተመለከተ፣ ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ እንኳ “እናትሽ የተነፈገችው ክስና ችሎት ነው፤ ስቅላቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው” ልንላት አስበን ነበር። አላልናትም፤ የአባቷን ነገር ከእኛ በላይ ታውቃለች። ወረቀቱን ተቀብለናታል፣ ሌላም አልሰጠናትም። ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ “ሁለቱንም ልስማ፤ ሰዓት ያዥ አድርጉኝ” አለች። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አራት ደቂቃ ነው፤ አራተኛው ደቂቃ ሲሞላ ጠረጴዛውን ትመታለች። ክርክሩ የሚደረገው በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በትልቁ የመማሪያ ክፍል ነው። ወንበር ስለማይበቃ የምትቀመጡበትን ይዛችሁ ኑ።